ሐሺሽ፣ ጫትና የሳውዲ ሕግ፦ ተረትና እውነታ

በደማምና በኮባር፣ እንደ አል ሙሐመዲያ ባሉ ሰፈሮች፣ በሰው ቤት የሚሠሩ፣ መኪና የሚያሽከረክሩና በግንባታ የተሰማሩ ወገኖቻችን ዓርብ ሲገናኙ ወሬው ከደሞዝና ከኢቃማ (ከመኖሪያ ፈቃድ) አልፎ ስልክ ላይ ወደሚታየው ዓለም ይሻገራል። ቶሮንቶ ውስጥ ካናቢስ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ተደርድሮ ሲሸጥ፣ በርሊን ውስጥ ወጣቶች በአደባባይ ሲያጨሱ የሚያሳይ ቪዲዮ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ከዚያ አንዱ «ዓለም እኮ ፈቅዶታል» ይላል፤ ሌላው ይቀበለዋል።

ነገር ግን ሐምሌ 26 ቀን 2017 ዓ.ም (ኦገስት 2 ቀን 2025) በሳውዲ ደቡባዊ ግዛት ናጅራን ሦስት ኢትዮጵያውያንና አራት ሶማሌያውያን በአንድ ቀን በሞት ተቀጥተዋል። የአገሪቱ መንግሥታዊ ዜና አገልግሎት እንደገለጸው ጥፋታቸው ሐሺሽ ወደ ሳውዲ ማስገባት ነበር። ሄሮይን አይደለም፣ ኮኬይንም አይደለም። ካናዳ ውስጥ ደረሰኝ ተቆርጦለት የሚሸጠው ያው ዕፅ ነው።

ካናቢስ ለመዝናኛ ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ የሚለው ክርክር ድምፅ መስጠት ለሚችል ዜጋ ተገቢ ክርክር ነው። በሰው አገር በኢቃማ ለሚኖር ሰው ግን የክርክሩ ፍርፋሪ እንደ ፈቃድ ሆኖ ሲደርሰው ሕይወት ያስከፍላል። ስለዚህ ሰው አፍ ላይ ያሉትን አባባሎች አንድ በአንድ ማየት ያስፈልጋል።

«ዓለም ፈቅዶታል፤ ሳውዲም መፍቀዷ አይቀርም»

ካናቢስን ለመዝናኛ በአገር ደረጃ ሕጋዊ ያደረጉ አገሮች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ኡራጓይ በ2013 (ዓ.ም ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ቀዳሚ ሆነች፤ ካናዳ በኦክቶበር 2018 ተከተለች። ጀርመን ከኤፕሪል 1 ቀን 2024 ጀምሮ አዋቂ ሰው 25 ግራም ይዞ እንዲንቀሳቀስና ቤቱ ሦስት ተክል እንዲያበቅል ፈቅዳለች። ከአህጉራችን ደቡብ አፍሪካ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቷ በ2018 በሰጠው ውሳኔ በግል መጠቀምን ከወንጀልነት አውጥታለች፤ መሸጥ ግን እዚያም ክልክል ነው። ሞሮኮ በ2021 የፈቀደችው ለመድኃኒትና ለኢንዱስትሪ ብቻ ነው። የታይላንድን ቪዲዮ ያየ ሰው ደግሞ የቀረውን ታሪክ ማወቅ አለበት፦ በ2022 ከዕፅ ዝርዝር አውጥታው የነበረችው አገር በ2025 ወደኋላ ተመልሳ ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዳይሸጥ አግዳለች።

የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ኮሚሽን በዲሴምበር 2020 በ27 ለ25 ድምፅ ካናቢስን እጅግ አደገኛ ከሚባሉት ዝርዝር ማውጣቱ እውነት ነው። ብዙ ሰው ይህን «ተመድ ፈቀደው» ብሎ ተረጎመው። ውሳኔው የሕክምና ምርምርን ያቀለለ እንጂ ዕፁን ከቁጥጥር ያወጣ አይደለም። ካናቢስ በ1961ዱ የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ስምምነት ውስጥ ዛሬም ከሄሮይንና ከኮኬይን ጋር በአንደኛው ዝርዝር ላይ ይገኛል።

ሳውዲ ደግሞ የሄደችው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። በዕፅ ወንጀል የሚፈጸም የሞት ቅጣት ለሦስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ቆሞ ነበር። በኖቬምበር 2022 ተመለሰ፤ በዚያው ወር ብቻ ሃያ ሰዎች ተቀጡ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2024 ከመዘገባቸው 345 የሞት ቅጣቶች 122ቱ ከዕፅ ጋር የተያያዙ ናቸው። «መፍቀዷ አይቀርም» የሚለው ሰው እነዚህን ዓመታት አላያቸውም።

ጎረቤቶቹም ቢሆኑ መሸሸጊያ አይሆኑም። የንጉሥ ፋህድን ድልድይ ተሻግሮ ባሕሬን የሚገባ ሰው እዚያ መጠጥ በፈቃድ ስለሚሸጥ ሐሺሹም ቸል የሚባል ይመስለዋል። ባሕሬን ውስጥም ሐሺሽ ወንጀል ነው። ኤምሬቶች ከ2022 ጀምሮ የካናቢስ ንጥረ ነገር ያለበት ምግብ ወይም መጠጥ ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘ መንገደኛ ዕቃው ተወርሶ እንዲያልፍ አድርገዋል፤ ይህ ግን የእነሱ ሕግ ነው፤ ደማም አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አይሠራም።

«አሜሪካ ያለው ወንድሜ በነፃነት ያጨሳል»

ወንድም ሜሪላንድ ከሆነ ከጁላይ 2023 ወዲህ በግዛቱ ሕግ ተፈቅዶለታል። በፌዴራል ሕግ ግን አልተፈቀደም፤ የስደተኞችን ጉዳይ የሚመራው ደግሞ የፌዴራሉ ሕግ ነው። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት በኤፕሪል 2019 እንዳስታወቀው፣ በግዛቱ የተፈቀደ ካናቢስ መጠቀም ወይም ካናቢስ በሚሸጥ ድርጅት መቀጠር እንኳ ዜግነት ሊያስከለክል ይችላል። ነፃነት የመሰለው ነገር ግሪን ካርድ ለያዘ ሐበሻ እዚያም ወጥመድ አለው።

«ለራሴ ጥቂት ብይዝ ምን አለበት?»

የሳውዲ የአደንዛዥ ዕፅ መቆጣጠሪያ ሕግ በ1426 ሂጅራ፣ በ2005 ማለት ነው፣ በንጉሣዊ ድንጋጌ የወጣ ነው። ለግል መጠቀሚያ መያዝን በአንቀጽ 41 ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት በሚደርስ እስራት ይቀጣል። ለውጭ አገር ሰው እስሩ የቅጣቱ መጨረሻ አይደለም። ሲፈታ በተርሂል (በማባረሪያ ጣቢያ) በኩል ወደ አገሩ ይላካል፤ ከሐጅና ከዑምራ በቀር ዳግመኛ ወደ ሳውዲ መግባት አይችልም። ብድር ተበድራ፣ ቤተሰብ መሬት አስይዞ የላካት ልጅ «ጥቂት» በተባለው ነገር ያ ሁሉ ዕዳ ትከሻዋ ላይ እንዳለ ትመለሳለች።

ከዚህ የሚከፋው «ለጓደኛዬ ብቻ ሰጠሁት» የሚለው ነው። ሕጉ የሚከለክለው መሸጥን ብቻ አይደለም፤ መስጠትን፣ ማቀበልን፣ ማጓጓዝንና ማስማማትንም ነው። ገንዘብ አልተቀበልኩም ማለት ጉዳዩን ወደ ግል መጠቀም አይመልሰውም። በአዘዋዋሪነት ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው ከ5 እስከ 15 ዓመት እስራት ይጠብቀዋል።

«እኔ ተሸካሚ ነኝ፤ ዕቃው የሌላ ሰው ነው»

ሁላችንም ልንቆምበት የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም በዚህ አባባል ሰው እየሞተ ነው። ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከአርሲ፣ ከሐረርጌ ተነስቶ በጅቡቲ፣ በኦቦክ በኩል ባሕር ተሻግሮ፣ የመንን በእግሩ አቋርጦ የሳውዲ ድንበር የሚደርስ ወጣት በእጁ ገንዘብ የለውም። በዚያ ሁኔታ ላይ ላለ ሰው «ይቺን ከረጢት አሻግርልኝ፣ የደላላ ሒሳብህን እተውልሃለሁ» የሚል ሰው ከመጣ፣ ነገሩ መውጫ ሊመስለው ይችላል።

የሳውዲ ሕግ አንቀጽ 37 ዕፅ ወደ አገር ማስገባትን በሞት ይቀጣል። ዕቃው የማን ነው፣ ትርፉ ለማን ነው የሚለው ጥያቄ ድንበር ላይ ከረጢቱን ተሸክሞ የተገኘውን ሰው ከወንጀሉ አያወጣውም። ዳኞች ምክንያት ካዩ ቅጣቱን ወደ እስራት ዝቅ ማድረግ ይችላሉ፤ እሱም ቢሆን ከ15 ዓመት አያንስም። አምነስቲ በጁላይ 2025 ባወጣው ሪፖርት ከ2014 መጀመሪያ እስከ ጁን 2025 ድረስ 597 ሰዎች ከዕፅ ጋር በተያያዘ መገደላቸውን አስፍሯል። ከአራቱ ሦስት ያህሉ የውጭ አገር ሰዎች ናቸው፤ 13ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። የናጅራኑ የሐምሌ 26 ቅጣት በዚህ ቁጥር ውስጥ የለም፤ የመጣው ከሪፖርቱ በኋላ ነው።

ይኸው ሪፖርት በቅርበት የመረመራቸው የ25 የውጭ አገር ሰዎች ጉዳይ ምን እንደሚመስልም ይናገራል፦ ጠበቃ ማጣት፣ በቂ አስተርጓሚ ማጣት፣ ከኤምባሲ የሚገባውን ድጋፍ ማጣት። የቀረበበትን ክስ በቋንቋው ያልሰማ ሰው በሞት መቀጣቱ ፍትሕ ነው ብዬ ማመን አልችልም። ዕፁ የሚፈቀድ ይሁን የሚከለከል፣ አመላላሹ ድሃ በሰይፍ ሲቀጣ የዕቃው ባለቤት ሌላ ተሸካሚ ይፈልጋል። ይህ ግን የእኔ እምነት ነው፤ ሕጉ እስኪለወጥ ድረስ ለወንድማችን የሚጠቅመው ከረጢቱን አለመሸከሙ ነው። ለአውሮፕላን ተጓዥም ያው ነው፦ በራስዎ እጅ ያልጠቀለሉትን አደራ፣ ቡናም ይሁን በርበሬ፣ ሳይፈቱና ሳያዩ ወደ ደማም ይዘው አይሂዱ።

«ጫት ግን የአገራችን ቅጠል ነው»

ጫት በኢትዮጵያ ሕጋዊ ነው፤ ወደ ውጭ ተልኮ የውጭ ምንዛሪም ያስገባል። ተክሉ ራሱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር አይደለም። ውስጡ ያለው ካቲኖን የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገር ግን በ1971ዱ የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በጥብቅ ዝርዝር ላይ ይገኛል። አገሮች በዚህ መካከል የየራሳቸውን መንገድ መርጠዋል፤ ብሪታንያ ለምሳሌ በጁን 2014 አግዳዋለች። በሳውዲ ጫት እንደ አደንዛዥ ዕፅ የተከለከለ ነው። ደርቆም፣ ተፈጭቶም፣ በሻይ ቅጠል መልክ ታሽጎም ያው ጫት ነው።

መድኃኒትም እንዲሁ። አዲስ አበባ ሐኪም ያዘዘው ትራማዶል ወይም ፕሪጋባሊን ሳውዲ ውስጥ ቁጥጥር የሚደረግበት ነው። እንዲህ ያለ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ማዘዣውን ይዞ ከጉዞው በፊት ከሳውዲ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ መጠየቅ አለበት።

«ከሐሺሽ ሰው አይሞትም፤ ሱስም የለውም»

ግማሹ እውነት ነው። ሐሺሽ እንደ ሄሮይን ትንፋሽ አቁሞ ሲገድል እምብዛም አይታይም። ሱስ የለውም የሚለው ግን ሐሰት ነው። በስፋት የሚጠቀሱ ጥናቶች ከሞከሩት አሥር ሰዎች አንዱ ገደማ ጥገኛ እንደሚሆን፣ በአፍላ ዕድሜ ከጀመሩት ደግሞ ከስድስት አንዱ እንደሚደርስ ያሳያሉ። በ2019 ላንሴት ሳይካያትሪ ላይ በወጣ ጥናት፣ ኃይለኛውን ዓይነት በየቀኑ የሚያጨሱ ሰዎች በከባድ የአእምሮ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ከማያጨሱት አምስት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። የዛሬው ካናቢስም የድሮው አይደለም፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ ከተያዘው ውስጥ የሚያሰክረው ንጥረ ነገር 4 በመቶ ገደማ ነበር፤ ሃያ ዓመት ሳይሞላ 12 በመቶ ደርሷል።

በሌላ ወገን «አንዴ የቀመሰው ያብዳል» የሚለው የሽማግሌዎች ማስፈራሪያም ትክክል አይደለም። ወጣቱ አንዴ ቀምሶ ሳያብድ ሲቀር ከዚያ በኋላ የምንነግረውን እውነት ሁሉ አያምንም። ካናቢስ የሕክምና ጥቅም እንዳለውም መካድ አያስፈልግም፦ ኤፒዲዮሌክስ የተባለው ከካናቢስ የተሠራ መድኃኒት በ2018 አሜሪካ ውስጥ በልጆች ላይ ለሚታይ ከባድ የሚጥል በሽታ ተፈቅዷል። መድኃኒት መሆኑ ግን ማጨሱን ሕክምና አያደርገውም።

«ሁለት ቀን ካለፈ ምርመራ አያገኘውም» የሚለውም በቶሎ ይታረም። የሚያሰክረው ንጥረ ነገር በሰውነት ስብ ውስጥ ይከማቻል። አንዴ ባጨሰ ሰው ሽንት ውስጥ ለጥቂት ቀናት፣ ዘወትር በሚያጨስ ሰው ደግሞ ለአንድ ወርና ከዚያም በላይ ሊገኝ ይችላል። ውኃ መጠጣትም፣ ሎሚም አያጠፋውም።

«ሻሸመኔ እኮ ይፈቀዳል»

አይፈቀድም። ንጉሠ ነገሥቱ በ1940 ዓ.ም ገደማ ለጥቁር ሕዝቦች ድጋፍ ምስጋና መሬት ሰጡ፤ ራስተፈሪያን መጥተው ሰፈሩ። ሕጉ ግን ለእነሱም ለእኛም አንድ ነው። በ1997 ዓ.ም ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ማምረትንና ማዘዋወርን ከአምስት ዓመት በማያንስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ለራስተፈሪያን በእምነታቸው ምክንያት ፈቃድ የሰጠችው ጃማይካ ናት፤ እሱም በ2015።

«ሱስ ከያዘኝ አበቃልኝ፤ ብናገር ይይዙኛል»

በማኅበረሰባችን ውስጥ ከሁሉም ያነሰ የሚታወቀው እውነታ ይህ ነው። ያው ጥብቅ የሳውዲ ሕግ በአንቀጽ 42 በር ትቷል፦ ሱስ የያዘው ሰው በራሱ ፈቃድ፣ ወይም ዘመዶቹ አምጥተውት፣ ለሕክምና ከቀረበና በእጁ ያለውን ካስረከበ በመጠቀሙ ክስ አይመሠረትበትም። ሹርጣ (ፖሊስ) ከያዘው በኋላ ግን ይህ በር አይሠራም። ደማም ውስጥ ለዚሁ ሕክምና የተቋቋመ ሆስፒታል አለ፤ የቀድሞው አል አመል፣ የዛሬው ኢራዳ የአእምሮ ጤና ማዕከል። ጓደኛው ሌሊት ሌሊት እየተንቀጠቀጠ የሚያድርበት ሰው ዝም ከማለት ይልቅ ይህን ቢነግረው ይሻላል።

ለተያዘ ሰውም የሚደረግ ነገር አለ። የሳውዲ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ተከሳሽ ጠበቃ እንዲይዝ ይፈቅዳል፤ ዓረብኛ ለማይችል ሰውም ፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ እንዲያቀርብ ያዝዛል። እነዚህ መብቶች ካልተጠየቁ በቀላሉ ይታለፋሉ። ቤተሰብና ጓደኛ ስለ መያዙ እንደሰሙ ሙሉ ስሙን፣ የፓስፖርት ቁጥሩንና የታሰረበትን ቦታ ይዘው ሪያድ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወዲያው ያሳውቁ፤ የምሥራቁ ግዛት ጉዳይ የሚታየው በእሱ ነው። የታሰረው ሰው ደግሞ በቋንቋው ያልተነበበለትን ወረቀት አይፈርም፤ አሻራም አያኑርበት።