ስንት ትፈልጋለህ?

የዛሬው ጽሑፌ ሁላችንም በምርቃት ማግስት ስለምንገጥመው ነገር ነው፤ በትልቅ ድርጅት ስለ መፈተን፣ ስለ ቃለ መጠይቅና ስለ ደመወዝ ድርድር።

ወረታ ገበያ ላይ ሩዝ ሲሸጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የፎገራ ገበሬ ነጋዴው «ስንት ነው?» ሲለው «አንተ የፈለግከውን ስጠኝ» ብሎ አይመልስም። ከቤቱ ሳይወጣ ባለፈው ገበያ ስንት እንደዋለ ጠይቋል። ከስንት በታች ከሆነ ጭኖ እንደሚመለስም ከሚስቱ ጋር መክሯል። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ በሽንኩርትና በሩዝ ዋጋ ግን የሚያታልላት ነጋዴ እስካሁን አልተገኘም።

ታላቅ ወንድሜ የዚችው ሴት ልጅ ነው። በዲግሪ ከተመረቀ በኋላ አዲስ አበባ ያለ አንድ ትልቅ የግል ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ጠራው። የሙያ ጥያቄዎቹን ሁሉ በደንብ መለሰ። መጨረሻ ላይ ከጠያቂዎቹ አንዱ «ስንት ደመወዝ ትፈልጋለህ?» አለው። ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ «ድርጅቱ የሚከፍለውን» አለ። ተቀጠረም። ከስድስት ወር በኋላ በአንድ ቀን አብሮት የገባ፣ አጠገቡ ተቀምጦ አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠራ ልጅ በወር ሁለት ሺህ ብር እንደሚበልጠው ሰማ። ልጁ የተለየ ነገር አላደረገም፤ ሲጠየቅ ቁጥር ተናገረ፣ በቃ። ወንድሜ ያን ዕለት ማታ ደውሎ «የእማዬን ያህል እንኳ አልሆንኩም» አለኝ። እኔም ከእኛ በፊት ተመርቀው ሥራ የያዙትንም ያልያዙትንም ልጆች እየፈለግሁ ስለዚሁ ጉዳይ ተጫወትኩ። ከዚህ በታች ያለው የዚያ ጨዋታና የንባቤ ውጤት ነው።

ማስታወቂያው ምን ይላል?

ሥራ ፈላጊ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ሲቆም ዓይኑ መጀመሪያ የሚፈልገው «0 ዓመት» የሚለውን ነው። ደመወዝ የሚለውን መስመር ግን ብዙዎቻችን ዘለን እናልፈዋለን። እዚያ መስመር ላይ በብዛት ከሁለት አንዱ ይጻፋል፤ «በድርጅቱ ስኬል መሠረት» ወይም «በስምምነት»። የሁለቱ ልዩነት ቀላል አይደለም።

«በስኬል» ማለት ደመወዙ የተቆረጠው ለሰውየው ሳይሆን ለሥራ መደቡ ነው ማለት ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና እንደ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ ኢትዮ ቴሌኮምና የኢትዮጵያ አየር መንገድ ያሉ ትልልቅ የመንግሥት የልማት ድርጅቶች ጀማሪ ሠራተኛን በአብዛኛው የሚቀጥሩት በዚህ መንገድ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ለአንድ ዓይነት መደብ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚቀጥር ድርጅት ከእያንዳንዱ ጋር ልደራደር ቢል ሥራም አይሠራ፣ ሠራተኛውም እርስ በርሱ ይናቆራል። ስለዚህ ፊት ለፊት የተቀመጠው ጠያቂ ቢወድህም አንድ ብር የመጨመር ሥልጣን የለውም።

«በስምምነት» ግን በግል ድርጅቶችና ከውጭ በመጡ ኩባንያዎች ዘንድ የተለመደ ነው። ድርጅቱ ለቦታው «ከዚህ እስከዚህ» ብሎ የያዘው ገንዘብ አለ። ከታችኛው ይሰጥህ ወይስ ከላይኛው የሚለው በከፊል ባንተ አንደበት ይወሰናል። ወንድሜ ያመለከተበት ማስታወቂያ «በስምምነት» ይል ነበር፤ እሱ ግን እንደ ስኬል ቆጥሮት ዝም አለ። ችግሩ የችሎታ ሳይሆን የገባበትን ገበያ ያለማወቅ ነበር።

እስከ ጠያቂዎቹ ጠረጴዛ ድረስ

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ሆኖበታል። ይህን ያለፈ ሰው ደግሞ በድርጅቱ የነጥብ ማጣሪያ ይጣራል፣ የጽሑፍ ፈተና ይቀመጣል፣ ያለፈው ለቃል ይጠራል። ለእኛ አካባቢ ልጅ ሌላም ፈተና አለበት፤ መንገዱ። ከወረታ ባሕር ዳር ቅርብ ነው፣ ደርሶ መመለስ ይቻላል። አዲስ አበባ ግን ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ትራንስፖርት፣ አልጋ፣ ምግብ ተደምሮ ሥራ ሳይዙ የሚከፈል ዕዳ ነው። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ቀኑ ያልፋል።

ካነጋገርኳቸው አንዱ እንዲህ ዓይነት ጥሪ ሲደርሰው ወዲያው ስልክ ደውሎ «ፈተናውን ባሕር ዳር ባለው ቅርንጫፋችሁ መፈተን ይቻላል?» ብሎ ጠየቀ። ተፈቀደለት። ሌላዋ ጠይቃ «አይቻልም» ተባለች፤ ግን ስለጠየቀች ስሟ አልተሰረዘም። እንግዲህ ድርድር የሚጀመረው ደመወዝ ሲነሣ አይደለም። የመጀመሪያው የስልክ ጥሪ ራሱ ድርድር ነው፤ በትህትና መጠየቅም ነውር የለውም።

ፊት ለፊት

ቃለ መጠይቅ ላይ በአብዛኛው ከአንድ በላይ ሰው ይቀመጣል። ጥያቄዎቹም አይለያዩም፤ «ስለ ራስህ ንገረን»፣ «ስለ ድርጅታችን ምን ታውቃለህ?»፣ «ከሰው ጋር የመሥራት ልምድህ እንዴት ነው?»። እኛ ያደግነው «በአፍ ይጠፉ በለፈለፉ» እየተባልን ነው። ጨዋ ልጅ ትልቅ ሰው ፊት ድምፁን ዝቅ፣ ዓይኑን ሰበር ያደርጋል። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ይኸው ጨዋነት «አያውቅም» ወይም «በራሱ አይተማመንም» ተብሎ ይተረጎማል። ጨዋነታችንን እንጣል አልልም። ቀና ብሎ መናገር ከድፍረት እንደማይቆጠር ግን አስቀድመን ለራሳችን መንገር አለብን።

አንዲት የፎገራ ልጅ የነገረችኝን ላካፍላችሁ። «ከሰው ጋር የመሥራት ልምድሽን ንገሪን» ተባለች። የሥራ ልምድ የላትም። «ታታሪ ነኝ፣ ከሰው ጋር ተግባቢ ነኝ» ልትል ነበር፤ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። ከዚያ ትዝ ሲላት የሩዝ አረምን አነሣች። ሩዝ አረሙ ጉልበት ይበላል፣ አንድ ቤተሰብ ብቻውን አይወጣውም፤ ስለዚህ ጎረቤት በወንፈል ይያያዛል። የማን ማሳ በየትኛው ቀን እንደሚታረም፣ ማን ስንት ሰው እንደሚልክ፣ የቀረ ሰው በምን እንደሚተካ በደብተር የምትይዘው እሷ ነበረች። ይህን ስትናገር ከጠያቂዎቹ አንዱ «ይኼ እኮ የሥራ ዕቅድ ነው» ብለው ሳቁ። ሥራውን አገኘች። ትምህርቱ አጭር ነው፤ ራስህን በቅጽል አትግለጽ፣ የሠራኸውን ተናገር።

ሴት እህቶቻችንን የሚገጥም ሌላ ጥያቄም አለ፤ «ለማግባት አስበሻል? ልጅስ?»። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሴቶች በጾታቸው ምክንያት በቅጥርም ሆነ በክፍያ ልዩነት እንዳይደረግባቸው ይከለክላል። ለነፍሰ ጡር ሠራተኛም ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀናት ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣል። ይሁን እንጂ ሥራ ፈላጊ ሆነሽ ጠረጴዛ ላይ አዋጅ መጥቀስ ቀላል አይደለም። አንዷ የመለሰችው ጥሩ መስሎኛል፤ «ሥራውን በሚገባ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ፤ ሥራው የሚጠይቀውን ቢነግሩኝ በዚያ ላይ ልመልስ።» አልተጣላችም፣ አልተሸማቀቀችምም።

ቁጥሩ

«በስምምነት» ከሆነ ቁጥር ይዘህ ግባ። ቁጥሩ ከየት ይመጣል? በተመሳሳይ ሥራ ላይ ያሉትን ጠይቅ። ሌላው መነሻ መንግሥት የሚከፍለው ነው። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ማሻሻያ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። የግል ድርጅት ይህን የመክፈል ግዴታ የለበትም፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም ዝቅተኛ ደመወዝን በቁጥር አልቆረጠም፣ ለሚቋቋም የደመወዝ ቦርድ ነው የተወው። ለንጽጽር ግን ይጠቅማል።

ቀጥሎ «ያልተጣራ ነው ወይስ የተጣራ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ብዙ ጀማሪ የመጀመሪያ ደመወዙ ላይ የሚደነግጠው እዚህ ነው። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት እስከ 2,000 ብር ግብር የለበትም፤ ከዚያ በላይ ያለው ከ15 እስከ 35 በመቶ በየደረጃው ይከፈልበታል። እስቲ 11,500 ብርን እናስላ፤

ከ2,001 እስከ 4,000 ብር ያለው በ15 በመቶ፦ 300 ብር
ከ4,001 እስከ 7,000 ብር ያለው በ20 በመቶ፦ 600 ብር
ከ7,001 እስከ 10,000 ብር ያለው በ25 በመቶ፦ 750 ብር
ቀሪው 1,500 ብር በ30 በመቶ፦ 450 ብር

ግብሩ 2,100 ብር ሆነ። ሠራተኛው ለጡረታ የሚያዋጣው 7 በመቶ ደግሞ 805 ብር ነው። እጅ ላይ የሚደርሰው 8,595 ብር ማለት ነው። አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ ለሚኖር ሰው በ11,500 እና በ8,595 መካከል ያለው ልዩነት የቤት ኪራይ ነው።

ቁጥር ስትናገር ሁለት ቁጥር በልብህ ይኑር፤ አንዱ የምትጠራው፣ ሌላው ከዚያ በታች የማትወርድበት። የምትጠራውን በምክንያት ደግፈው። «ይገባኛል» ብቻ አይበቃም፤ «በዚህ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ይህን ያህል ያገኛሉ፣ እኔም ይህን ይህን መሥራት እችላለሁ» ማለት ያስኬዳል።

«በስኬል» ከሆነስ? ደመወዙን ተውና ሌላውን ጠይቅ። የምመደበው የት ነው? የሥራ ልምድ ደብዳቤዬ ተይዞልኛል? የቤትና የትራንስፖርት አበል አለ? ሥልጠና ካለ ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት የማገልገል ግዴታ አለብኝ? ተያዥ ከተፈለገ ምን ዓይነት ሰው ነው ዋስ የሚሆነው? ይኼ የመጨረሻው ለገጠር ልጅ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ዘመዱ ሁሉ ገበሬ የሆነ ሰው ደመወዝተኛ ዋስ አምጣ ሲባል የት ይሄዳል? አንዱ ያነጋገርኩት ልጅ ፈተናውንም ቃለ መጠይቁንም አልፎ ዋስ ፍለጋ ላይ ቀኑ አለፈበት። አስቀድሞ ጠይቆ ቢሆን ወይ ጊዜ ይጨመርለት ነበር፣ ወይ ከወር በፊት ፍለጋ ይጀምር ነበር።

ከመፈረም በፊት

ውሉን ወደ ቤት ወስደህ ማንበብ ባትችል እዚያው ቁጭ ብለህ አንብበው። በአዋጁ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ በዚያ ጊዜ ድርጅቱ ብቁ አይደለህም ካለ ያለማስጠንቀቂያ ሊያሰናብትህ ይችላል፣ አንተም ያለማስጠንቀቂያ መልቀቅ ትችላለህ። መደበኛ ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። የመጀመሪያው ዓመት የዕረፍት ፈቃድ 16 የሥራ ቀናት ነው። እነዚህ ለድርድር አይቀርቡም፤ ከሕጉ በታች የሚያወርድ ውል ተቀባይነት የለውም። የምትደራደረው ከሕጉ በላይ ባለው ላይ ነው።

እርግጥ ነው፣ ሥራ በጠፋበት ዘመን «ተደራደር» ማለት ለጠገበ ሰው የሚነገር ምክር ሊመስል ይችላል። አንድ ቦታ ለብዙ ሰው ሲሆን እንቢ ማለት ይከብዳል። እኔም እንቢ በሉ አላልኩም። የፎገራ ገበሬም ልጁን ማሳከም ሲኖርበት በረከሰ ዋጋ ይሸጣል፤ ግን ርካሽ መሆኑን አውቆ ነው። አውቆ መቀበልና ሳያውቁ መቀበል አንድ አይደሉም።

«ዝም አይነቅዝም» ይላል ያገራችን ሰው። ደመወዝ ግን በዝምታ ይነቅዛል፤ ወንድሜ መስክሯል። አሁን እሱ ሁለተኛ ድርጅት ውስጥ ነው። እዚያ ሲጠየቅ ቁጥር ተናገረ። የጠራውን ሁሉ አልሰጡትም፤ ከልቡ ቁጥር በታች ግን አልወረደም። ለእማዬ ሲነግራት «እና እስከ ዛሬ ምን ስትማር ነበር?» አለችው።

ለትምህርት ክፍላችን አንድ ሐሳብ አቅርቤ ልሰናበት። ከምርቃት በፊት ባለው ሴሚስተር መምህራን ጠያቂ፣ እኛ ተጠያቂ የምንሆንበት የልምምድ ቃለ መጠይቅ ቢዘጋጅልን ብዙ ወጪ የለውም። የመጀመሪያዋን «ስንት ትፈልጋለህ?» እዚሁ፣ በማናፍርበት ቦታ ብንሰማት ይሻላል።

ቸር ይግጠመን።