ልደታቸው አንድ፣ ኑሯቸው ለየቅል

«የሰው ዕድል በተወለደበት ቀን ኮከብ ይወሰናል» የሚሉ ብዙ ናቸው። እስቲ እንመርምረው።

ቻርልስ ዳርዊንና አብርሃም ሊንከን የተወለዱት በአንድ ቀን፣ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1809 ነው። ዳርዊን የእንግሊዝ ሀብታም ሐኪም ልጅ ነበርና ኤዲንብራና ካምብሪጅ ተማረ። ሊንከን ግን አሜሪካ፣ ኬንተኪ ውስጥ በግንድ ጎጆ ተወለደ። ትምህርት ቤት የዋለበት ጊዜ ተደምሮ አንድ ዓመት አይሞላም፤ የቀረውን መጽሐፍ እየተዋሰ ራሱን አስተማረ። ዳርዊን በ1859 ስለ ዝርያዎች አመጣጥ የጻፈውን መጽሐፍ አሳተመ። ሊንከን ደግሞ ፕሬዚዳንት ሆኖ በ1863 በዐመፁት ግዛቶች ያሉ ባሮች ነፃ መሆናቸውን አወጀ።

ታዲያ ኮከባቸው አንድ ከሆነ ኑሯቸውን ምን ለያየው? የተወለዱበት ቤት፣ ያገኙት ትምህርትና የራሳቸው ጥረት ነው። እኛም ነገ ክፍል ስንገባ ደካማውን ተማሪ «ዕድሉ ነው» ብለን አንተወው። ይልቅስ መጽሐፍ እናውሰው።