ቀጪው ሰውና መበለቲቱ

ልጆች በሥዕል መጽሐፍ ያወቁትን ጀግና በፊልም ለማየት መለመናቸው አይቀርምና፣ ዛሬ «ፐኒሸር ዋር ዞን» ስለሚባለው የአሜሪካ ፊልም ጥቂት ልንነግራችሁ ወደድን።

ፐኒሸር ማለት ቀጪ ማለት ነው። ይህ ሰው በማርቭል ኩባንያ የሥዕል መጽሐፍ መጀመሪያ የታየው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1974 ሲሆን፣ ታሪኩን የደረሰው ጄሪ ኮንዌይ ነው። ስሙ ፍራንክ ካስል ይባላል፤ ወታደር ነበረ። በኒው ዮርክ መናፈሻ ውስጥ ወንበዴዎች ሰው ሲገድሉ ስላዩ፣ ሚስቱና ልጆቹ ተገደሉበት። ከዚያ ወዲህ ዳኛ ሳይጠይቅ፣ ምስክር ሳያሰማ ደም መላሽ ሆነ።

በካራቴ ውድድር የታወቀችው ጀርመናዊት ሌክሲ አሌክሳንደር ፊልሙን በ2008 ስታወጣው ከጭካኔው ምንም አልቀነሰችለትም። ገና ሲጀመር ቀጪው በወንበዴዎች ግብዣ መካከል፣ ከአዳራሹ ትልቅ መብራት ላይ ቍልቍል ተንጠልጥሎ እየተሽከረከረ ይተኩሳል። የቀረውን በቤተ ሰብ ገጽ ላይ መዘርዘር አይገባንም። (35 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት ያገባው ግን ከ10 ሚሊዮን እምብዛም አልበለጠም።)

ዳሩ ግን እኛን ያሳሰበን ተኩሱ አይደለም። ካስል ከገደላቸው ሰዎች አንዱ፣ ወንበዴ መስሎ በመካከላቸው የገባ የመንግሥት ሰላይ ነበረ። ካስል ይህን በሰማ ጊዜ ሥራውን እርግፍ አድርጎ ሊተው አሰበ፤ ገንዘብም ይዞ ወደ ሟቹ ቤት ሄደ። በዚያ ቤት የቀሩት ሚስትና አንዲት ትንሽ ልጅ ናቸው፤ እርሱ ራሱ ያጣውን የመሰለ ቤት በገዛ እጁ አፍርሶ አገኘው። ሴቲቱም የደሙን ዋጋ አልቀበልም አለች። ዳኛ ቢሳሳት ይግባኝ ይባልበታል፤ ይህች መበለት ግን ለማን ትጩህ?

የሚያሳዝነው፣ ፊልሙ ይህን ጥያቄ አንሥቶ ሳይቈይ ወደ ተኩሱ ይመለሳል። እናትና ልጅ በወንበዴ እጅ ሲወድቁ ያው ገዳይ አዳኝ ሆኖ ይመጣል፤ የመጀመሪያው ነገርም የተረሳ ይመስላል።

በአሜሪካ የፊልም መርማሪዎች፣ ከ17 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ እንዳይገባ ወስነውበታል። ይህ ውሳኔ ልጁን ፈጽሞ አይከለክልም፤ ፍርዱን ለእናቱና ለአባቱ ይተዋል እንጂ። እኛ ብንጠየቅ ትንሹን ልጅ አናስገባም። ለዐሥራ ሰባት የቀረበው ጐረምሳ አጥብቆ ቢለምን ግን አባቱ አብሮት ይቀመጥ፤ መበለቲቱ ገንዘቡን በመለሰች ጊዜም «ለምን ይመስልሃል?» ብሎ ይጠይቀው።