ራውተሩ ውስጥ ያለው ወረፋ

ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሰንበት ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ እስራኤል ውስጥ በቂርያት ማላኺም በገደራም በያቭኔም ብዙ ቤት ውስጥ የሚሆነው ተመሳሳይ ነው። እናት ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቿን በዋትሳፕ ቪዲዮ ትጠይቃለች። ለሰንበት ከሠራዊቱ የተለቀቀው ልጅ ስልክ የሳምንቱን ፎቶና ቪዲዮ ወደ ክላውድ ይልካል። ታናሹ ጌም ላይ ነው። ወዲያው «ሃሎ! ሃሎ! ትሰሚኛለሽ? ኧረ ጠፋሽብኝ!» ይመጣል። ቤተሰቡም ኢንተርኔቱ ደካማ ነው፣ ከፍ ያለ ፓኬጅ እንግዛ ብሎ ይወስናል። ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት፦ ኢንተርኔት መጨናነቅን የሚቆጣጠርበት ሥርዓት።

በኢንተርኔት የሚሄድ ሁሉ፣ ድምፅም ሆነ ፊልም፣ በትናንሽ ፓኬቶች ተከፋፍሎ ይጓዛል። አንዱ ፓኬት አብዛኛውን ጊዜ ከ1,500 ባይት አይበልጥም። በመንገዱ ላይ ያሉት ራውተሮች ፓኬቱን ተቀብለው ወደሚቀጥለው ያሳልፋሉ። ማሳለፍ ከሚችሉት በላይ ሲመጣባቸው ሜሞሪያቸው ውስጥ ያሰልፉታል፤ ሜሞሪው ከሞላ ደግሞ አዲስ የመጣውን ይጥሉታል። ላኪው «ደርሶኛል» የሚል መልስ ካጣ ያንኑ ፓኬት ደግሞ ይልካል።

ችግር የመጣው ከዚህ መድገም ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1986 ካሊፎርኒያ ውስጥ በሎረንስ በርክሌይ ቤተ ሙከራና በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መካከል ያለው መስመር በሰከንድ ከ32 ኪሎቢት ወደ 40 ቢት ወረደ። ሁለቱ ቦታዎች የሚራራቁት 400 ያርድ፣ ማለትም ከ370 ሜትር ያነሰ ነው። 40 ቢት በሰከንድ አምስት የላቲን ፊደል ማለት ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዛሬው የኮምፒውተር አጻጻፍ ሦስት ባይት ስለሚፈጅ፣ በእኛ ፊደል ከሆነ በሰከንድ ሁለት እንኳ አይሞላም። የተቆረጠ ገመድ አልነበረም። ኮምፒውተሮቹ መልስ ሲዘገይባቸው ፓኬቱ ጠፍቷል ብለው ደግመው ይልካሉ፤ ድጋሚው ወረፋውን ያስረዝማል፤ ወረፋው ሲረዝም መልሱ ይብስ ይዘገያል፤ እነሱም እንደገና ይደግማሉ። መስመሩን የሞላው ቅጂ ነበር። እንዲህ ያለ ውድቀት ሊመጣ እንደሚችል ጆን ኔግል የተባለው መሐንዲስ ገና በ1984 ጽፎ አስጠንቅቆ ነበር።

መፍትሔውን ቫን ጃኮብሰን ከማይክል ካረልስ ጋር በ1988 አሳተመ። ላኪው በጥቂት ፓኬት ይጀምራል፤ መልስ በመጣለት መጠን በየዙሩ እጥፍ ያደርገዋል። ፓኬት ሲወድቅበት መንገዱ መሙላቱን ተረድቶ ይቀንሳል። በኋላ እንደተለመደው አሠራር፣ የሚልከውን በግማሽ ያህል ይቆርጥና ከዚያ በየዙሩ አንድ አንድ ፓኬት ብቻ እየጨመረ ቀስ ብሎ ይወጣል። ዛሬ በሊኑክስ ላይ ያለው ኪዩቢክ የሚባለው ዘዴ፣ ጉግል በ2016 ያወጣው ቢቢአርም ስሌታቸው ይለያል እንጂ ዓላማቸው አንድ ነው።

እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ፣ በመንገዱ ላይ ቆሞ ይህን የሚያስገድድ ተቆጣጣሪ አለመኖሩ ነው። እያንዳንዱ ስልክና ኮምፒውተር የማያውቀውን ሰው ጥሪ እንዳያፍን ብሎ ራሱ ይቀንሳል። የቪዲዮ ጥሪም እንዲሁ ነው፤ የዘመድ ፊት ድንገት ሲደበዝዝ ፕሮግራሙ መስመሩ መጥበቡን አይቶ የምስሉን ጥራት እየቀነሰ፣ ድምፁን ለማዳን እየሞከረ ነው። በማርች 2020፣ ኮሮና ሰውን ሁሉ ቤት ሲያስቀምጥ፣ ኔትፍሊክስ በአውሮፓ የቪዲዮ ጥራቱን ዝቅ አድርጎ በኔትወርኮች ላይ የሚያሳድረውን ጫና በ25 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ ያስታወቀው በዚሁ መንፈስ ነበር።

ታዲያ ሥርዓቱ ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ የዓርቡ ጥሪ ለምን ይቆራረጣል?

ሜሞሪ እየረከሰ ሲሄድ አምራቾች ራውተርና ሞደም ውስጥ ብዙ ብዙ ጨመሩበት። ፓኬት ከሚወድቅ ቢሰለፍ ይሻላል ብለው ነው። አብዛኛው ላኪ ግን የሚቀንሰው ፓኬት ሲወድቅበት ነው፤ ካልወደቀበት መጨመሩን አይተውም። ስለዚህ የልጁ ቪዲዮ ወረፋውን እስከ አፉ ይሞላዋል፣ የእናት ድምፅም ከኋላው ይቆማል፤ ዓርብ ቀን ሱፐርማርኬት ውስጥ ሁለት ዳቦ ብቻ የያዘች ሴት ጋሪ ሙሉ ከጫኑት ኋላ እንደምትቆመው ማለት ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። የቤቱ የአፕሎድ ፍጥነት በሰከንድ 5 ሜጋቢት ቢሆንና ራውተሩ ውስጥ 1 ሜጋባይት፣ ማለትም 8 ሜጋቢት ቢሰለፍ፣ ከኋላ የመጣው ድምፅ 1.6 ሰከንድ ይጠብቃል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮም ኅብረት ለስልክ ንግግር የሚመክረው የአንድ አቅጣጫ መዘግየት ከ150 ሚሊሰከንድ እንዳይበልጥ ነው። ጎንደር ከቂርያት ማላኺ በአየር 2,100 ኪሎሜትር ያህል ብትርቅም ጥሪው የሚሄደው በቀጥታ አይደለም። የእስራኤል የባሕር ሥር ኬብሎች በብዛት ወደ ምዕራብ፣ ወደ ቆጵሮስና ጣሊያን የተዘረጉ ናቸው፤ ኢትዮጵያም ወደብ ስለሌላት መስመሯን የምታገኘው በጎረቤቶቿ በኩል ነው። ይህ መንገድ በራሱ ጊዜ ይበላል፤ ሳሎን ውስጥ የሚጨመርበትን መዘግየት ግን ማስቀረት ይቻላል።

ጂም ጌቲስ የተባለው አሜሪካዊ የፕሮግራም ባለሙያ ይህን በሽታ ያገኘው በ2010 በራሱ ቤት ነው፤ ትልልቅ ፋይሎች ሲልክ መዘግየቱ ከ1 ሰከንድ በላይ ሲሆን አየ። በ2012 ካትሊን ኒኮልስና ያው ቫን ጃኮብሰን ኮዴል የሚባለውን ዘዴ አቀረቡ። ኮዴል የሚያየው ፓኬቱ በወረፋው ውስጥ የቆየበትን ጊዜ ነው፤ መዘግየቱ ለ100 ሚሊሰከንድ ያህል ከ5 ሚሊሰከንድ በታች ሳይወርድ ከቆየ፣ ሜሞሪው ባይሞላም ፓኬት መጣል ይጀምራል፣ ላኪውም ቶሎ ይቀንሳል። ኤፍኪው-ኮዴል የሚባለው ደግሞ ለየጥሪውና ለየዳውንሎዱ የተለየ ወረፋ ይሰጣል። ጥቂት ብቻ የሚልከው የእናት ድምፅ ያኔ ቀድሞ ያልፋል።

ይህን በየቤታችሁ መለካት ይቻላል። ፋስት ዶት ኮም የሚባለው ገጽ ተጨማሪ መረጃ የሚለው ሲጫን ሁለት የመዘግየት ቁጥር ያሳያል፦ መስመሩ ባዶ ሲሆንና ሥራ ሲበዛበት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው በብዙ መቶ ሚሊሰከንድ ከበለጠ፣ ችግሩ ወረፋው ነው፤ ያለ እሱ መፍትሔ ሲቪም (የፋይበር መስመር) ቢገባም ሙሉ ፈውስ ላይሆን ይችላል። በራውተሩ ማስተካከያ ውስጥ ኤስኪውኤም (ብልህ የወረፋ አያያዝ) የሚል ካለ ይከፈት፤ የአፕሎዱ ጣሪያም የተለካው ፍጥነት 90 በመቶ ያህል እንዲሆን ዝቅ ይበል። ከሌለ ኤስኪውኤም ያለው ራውተር መግዛት ያዋጣል። የራውተሩ ማስተካከያ በዕብራይስጥ ወይም በእንግሊዝኛ ስለሆነ ብዙዎቹ ወላጆቻችን አይነኩትም። ወጣቶች ሆይ፣ በሚቀጥለው ዓርብ እናታችሁ ጎንደር ከመደወሏ በፊት ይህን እናንተ አስተካክሉላት።