ግራ ጡት፣ ጨረርና ልብ፦ የሚባለውና እውነታው

«ግራ ጡትሽ ከሆነ ጨረሩ ልብሽን ያቃጥለዋል፤ ይቅርብሽ!» ይህን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ለጡት ካንሰር ታማሚዋ የሚሳሱላት ሰዎች ናቸው። ስጋታቸውም ከመሬት የተነሣ አይደለም። ልብ ከግራ ጡት ጀርባ ነው፤ ከደም ሥሮቹ አንዱም ከደረት ግድግዳ ብዙም ሳይርቅ ያልፋል። ስህተቱ «ይቅርብሽ» የሚለው ነው። ለረጅም ዓመታት ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ጨረር ይሰጥበት በነበረ አገር፣ በስንት ወረፋ የተገኘ ተራ በወሬ ሲቀር ያንገበግባል።

እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 2001 በስዊድንና በዴንማርክ ጨረር የወሰዱ 2,168 ሴቶችን መርምሯል። ልብ የሚያገኘው አማካይ ጨረር በ1 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) በጨመረ ቁጥር ከባድ የልብ ደም ሥር ሕመም የመምጣት ዕድል በ7.4 በመቶ ያድጋል። ይህ ማለት ግን ከ100 ሴቶች 7ቱ ይታመማሉ ማለት አይደለም፤ የሚያድገው ቀድሞ የነበረው ዕድል ነው። አጥኚዎቹ እንዳሰሉት፣ ሌላ የልብ ስጋት የሌለባት የ50 ዓመት ሴት ልቧ 3 ግሬይ ቢያገኝ፣ 80 ዓመት ሳይሞላት በዚህ ሕመም የመሞት ዕድሏ ከ1.9 ወደ 2.4 በመቶ ይደርሳል። በሌላ በኩል፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የ10,801 ሴቶች ጥናት እንደሚያሳየው፣ ጡታቸው ሳይወጣ ዕጢው ብቻ በቀዶ ሕክምና የተነሣላቸው ሴቶች ጨረር ሲጨመርላቸው፣ በ10 ዓመት ውስጥ ካንሰሩ የመመለሱ ዕድል ከ35 ወደ 19.3 በመቶ ወርዷል።

ደግሞስ ልብን ከጨረሩ ማሸሽ ይቻላል። ታካሚዋ ክንዷን ከራሷ በላይ አድርጋ በጀርባዋ ትተኛለች። ባለሙያው ከሌላ ክፍል ሆኖ በድምፅ ማጉያ «አየር በደንብ ሳቢ፣ ያዢ» ይላታል። ሳንባዋ በአየር ሲሞላ ልቧ ወደ ታችና ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ጨረሩ የሚለቀቀው ያኔ ነው። «ይሄ ለወጣት እንጂ ለእኔ አይሆንም» የሚሉ አሉ። የሚያዘው ግን ወደ 20 ሰከንድ ገደማ ነው፤ አስቀድሞም ልምምድ አለው። ትንፋሿ ቢያመልጣት ባለሙያው ጨረሩን ያቆማል። ጨርሶ ለማትችል በደረት መተኛትን የመሰሉ ሌሎች መንገዶች አሉ። ዘዴው በሁሉም ማዕከል ላይኖር ይችላልና ዕቅዱ ሲወጣ «ልቤ ስንት ግሬይ ያገኛል? እንዴትስ ይቀነሳል?» ብሎ መጠየቅ መብት ነው።

«ምንም አልተሰማኝም፤ ልቤ ደኅና ነው» ማለትም ያዘናጋል። ጨረር ሲገባ አይሰማም። ስጋቱ በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ሊጀምርና ከ20 ዓመት በኋላም ሊዘልቅ ይችላል። ስለዚህ ደም ግፊትንና ስኳርን መከታተል፣ የምታጨስም ከሆነ ማቆም የሕክምናው አካል ነው። እንደ ዶክሶሩቢሲንና ትራስቱዙማብ ያሉ የካንሰር መድኃኒቶችም በራሳቸው ልብን ሊነኩ ስለሚችሉ፣ ምን እንደወሰደች፣ ጨረሩ በየት በኩል እንደተሰጠና መጠኑ የተጻፈበትን ወረቀት ይዛ ታቆየው። ከዓመታት በኋላ ደረቷን ቢወጋት ወይም ትንፋሽ ቢያጥራት፣ ለሚያያት ሐኪም መጀመሪያ የምታሳየው እሱን ነው።