ቅናሹ ይቅደም ወይስ ታክሱ?

በአምቦ፣ በጉደርና በግንጪ ከተሞች ለእህል መጋዘን ቆርቆሮ የሚገዛ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ዋጋውን ተከራክሮ ካስቀነሰ በኋላ የደረሰኙን ስሌትም ማየት ይኖርበታል። የሚወጣው የአባላቱ ገንዘብ ነውና።

አንዱ ቆርቆሮ 900 ብር ቢሆን 40ው 36,000 ብር ያወጣል እንበል። ሻጩ 5 በመቶ ሲቀንስ 1,800 ብር ተነስቶ 34,200 ይቀራል። 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚሰላው በዚህ በቀረው ላይ ሲሆን 5,130 ብር ነው፤ ጠቅላላው 39,330 ይሆናል። ‹‹15 ተጨምሮ 5 ቢቀነስ 10 በመቶ ነው›› ብሎ በአቋራጭ የሚያሰላ ግን 39,600 ያደርሰዋል። 270 ብር ያለ አግባብ ወጣ ማለት ነው።

ይበልጥ የሚያሳስተው ‹‹ታክስን ጨምሮ›› የሚባለው ዋጋ ነው። ዋጋው 34,500 ብር ከተባለ ለ1.15 ይካፈላል፤ 30,000 የዕቃው፣ 4,500 የታክሱ ነው። ከ34,500ው ላይ በቀጥታ 15 በመቶ የሚያነሳ የሒሳብ ሠራተኛ ታክሱን 5,175 ብሎ ይመዘግባል፤ ኦዲት ሲደረግ የ675 ብር ልዩነት ይገኝበታል።

ታክሱን መሰብሰብ የሚችለው ለዚሁ የተመዘገበ ነጋዴ ብቻ ነው። ያልተመዘገበ ሻጭ 15 በመቶ ጨምሩ ቢል ማኅበሩ የሚከፍልበት ምክንያት የለም።