እርቁ ይሁን፣ ካሳው ግን ይሰላ

ከጅማ ተነስቶ ጎጀብን ተሻግሮ ቦንጋ የሚገባው፣ ከዚያም በውሽውሽ የሻይ እርሻ በኩል ወደ ሚዛን የሚዘልቀው መንገድ ዝናብ የሚበዛበት ጠመዝማዛ መንገድ ነው። ቡና የጫነ አይሱዙ፣ ሦስት ሰው ያፈናጠጠ ሞተር፣ ባጃጅና ከገበያ የሚመለስ እግረኛ ይጋፉበታል። አደጋ ሲደርስ ተጎጂው ወደ ገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል ይወሰዳል፣ ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ቦታውን ይለካል፣ ቤተሰብ ይሰበሰባል። ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌዎች ደጅ ይረግጣሉ። መምጣታቸው መልካም ነው። ችግሩ ያለው ሲሄዱ ትተውት በሚሄዱት ወረቀት ላይ ነው። በካፋ ዞንም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል የአደጋ ተጎጂ ካሳውን የሚያጣው አብዛኛውን ጊዜ ፍርድ ቤት ተሸንፎ አይመስለኝም፤ ፍርድ ቤት ሳይደርስ፣ ቁስሉ ሳይደርቅ ፈርሞ ነው።

ወረቀቱን ቀረብ ብለን እንየው። ብዙውን ጊዜ የአንድ ገጽ የእጅ ጽሑፍ ነው። ከላይ ቀኑና የሽማግሌዎቹ ስም፣ መሀል ላይ የተከፈለው ገንዘብ፣ ከታች ፊርማና የጣት አሻራ ይሰፍርበታል። ከፊርማው በላይ ደግሞ «ከእንግዲህ በወንጀልም ሆነ በፍትሐ ብሔር ምንም ዓይነት ጥያቄ አላነሳም» የምትል መስመር አለች። ተጎጂው የሚያያት እንደ ወግ ማሳረጊያ ነው። ሕጉ ግን እንዲህ አያያትም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3312 እንዲህ ያለው የእርቅ ስምምነት በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ እንደሚቆጠር ይደነግጋል። መብቴን ሳላውቅ ነው የፈረምኩት ማለትም በቀላሉ አያስጥልም። በአንጻሩ ለሹፌሩ መስመሯ ከወንጀል በኩል እምብዛም አትጠቅመውም። በቸልተኝነት ሰው መግደል ዐቃቤ ሕግ በራሱ የሚከሰው ወንጀል ስለሆነ ቤተሰብ ታረቀ ተብሎ ክሱ አይቀርም። መጸጸቱና መካሱ ቅጣቱን ያቀልለት ይሆናል፤ ለዚያ ደግሞ ተጎጂው የወደፊት መብቱን አሳልፎ መስጠት አይጠበቅበትም።

ለመሆኑ አሳልፎ የሚሰጠው ምንድን ነው? በቁጥር 2081 መሠረት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂው ባለቤቱ ነው፣ የነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም። ባለቤቱ መኪናው መሰረቁን ካላስረዳ በቀር «ጥፋት የለብኝም» ብሎ አያመልጥም፤ የሚቀንስለት ወይም ነጻ የሚያወጣው የተጎጂው የራሱ ጥፋት ነው። ስለዚህ ተጎጂ ካሳ ለመጠየቅ የሹፌሩን ጥፋት የማስረዳት ሸክም የለበትም። ሹፌሩ በወንጀል ነጻ ቢባል እንኳ በቁጥር 2149 መሠረት የካሳውን ጉዳይ የሚያየው ፍርድ ቤት በዚያ አይታሰርም። የሊብሬው ባለቤት ማን እንደሆነ ከትራፊክ ፖሊስ ማጣራት ከሹፌሩ ጋር ከመጨቃጨቅ ይበልጣል።

ከባለቤቱ ጀርባ መድን ድርጅት አለ። የ2005ቱ አዋጅ ቁጥር 799 ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ሳይኖረው እንዳይንቀሳቀስ ይከለክላል። ገጭቶ ላመለጠ ወይም ኢንሹራንስ ለሌለው መኪና ተጎጂም የመድን ፈንድ አለ። አዋጁ ሲወጣ ለሞት የሚከፈለው ቢበዛ 40 ሺህ ብር ነበር። ብዙ ሰው ይህን የመድን ጣሪያ የካሳው ጣሪያ ያደርገዋል፤ ትልቁ ስህተት ይኸው ነው። መድኑ ከሸፈነው በላይ ያለው ጉዳት በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከባለቤቱ ይጠየቃል። ለምሳሌ በዓመት 60 ሺህ ብር ያገኝ የነበረ የ30 ዓመት ገበሬ የሐኪሞች ቦርድ 40 በመቶ ቋሚ የአካል ጉዳት ደርሶበታል ቢል፣ በዓመት የሚያጣው 24 ሺህ ብር ነው። ሌላ 25 ዓመት ይሠራል ብለን ብናስብ 600 ሺህ ይደርሳል። ፍርድ ቤት ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ስለሚከፈል ሊቀንሰው ይችላል። ቢቀነስም በሳምንቱ ተቆጥሮ ከተሰጠው ጥቂት ሺህ ብር ጋር የሚወዳደር አይደለም።

እዚህ ላይ ሽማግሌዎች የሚያነሱት ተገቢ መከራከሪያ አለ፤ ፍርድ ቤት ጎረቤትን ያቃቅራል፣ ሐዘንን አያጽናናም ይላሉ። በሁለተኛው ነገር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለሐዘንና ለሞራል ጉዳት የሚፈቅደው ካሳ በቁጥር 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተገድቧል። የልጅ ሞት ሐዘን በ1,000 ብር! ስድሳ ዓመት ያለፈው ይህ ቁጥር ሊሻሻል ይገባዋል። በዚህ በኩል ሽማግሌ ከሕጉ የተሻለ ያደርጋል፤ ለቅሶ ይደርሳል፣ ይቅርታ ያስጠይቃል፣ ቂም ያበርዳል። ስለዚህ ሐዘኑና ሰላሙ የሽማግሌ ይሁን፤ የመተዳደሪያው ጉዳይ ግን ስሌት ነውና በስሌት ይለቅ። መቃቃሩ ደግሞ የሚፈራውን ያህል አይደለም፤ መድን ያለበት ምክንያት ሸክሙ በአንድ ጎረቤት ጫንቃ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ነው። ባለ መኪናውም መድን ድርጅቱን ሳያሳውቅ በሽማግሌ ቢስማማ፣ ብዙ የመድን ውሎች ይህን ስለሚከለክሉ፣ ከኪሱ ከፍሎ ሊቀር ይችላል።

ሌላው ተቃውሞ የድሃው ነው። ፍርድ ቤት ይራዘማል፣ ዳኝነት ይከፈላል፣ የመድኃኒቱ ገንዘብ ግን ዛሬ ያስፈልጋል። እውነት ነው። ዛሬ የሚሰጠውን መቀበል ነውር የለውም፤ በወረቀቱ ላይ «ለሕክምናና ለቀለብ የተሰጠ ቅድሚያ ክፍያ፣ ከመጨረሻው ካሳ የሚታሰብ» ተብሎ ይጻፍ እንጂ። ዳኝነት መክፈል የማይችል ሰው አቅም እንደሌለው አስረድቶ በደሃ ደንብ መክሰስ እንደሚችል የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ይፈቅዳል። መዘንጋት የሌለበት ጊዜው ነው። ክሱ በመርህ ደረጃ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ጉዳዩ ረዘም ያለ የይርጋ ጊዜ ያለው ወንጀል ከሆነ ብቻ ጊዜው ሊረዝም ይችላል። ሽምግልናው ሲጎተት ቀኑ እየቆጠረ ነው።

የቀረው ማስረጃ ነው፤ ገጠር ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው እሱ ነው። የፖሊስ የአደጋ ሪፖርትና ንድፍ፣ የሐኪም ማስረጃ፣ የመድኃኒትና የትራንስፖርት ደረሰኝ አንድ ላይ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀመጥ። የቦንጋ ዝናብ ወረቀት አይምርም። ደመወዝ የሌለው ገበሬ ገቢዬን በምን አስረዳለሁ ይላል። ለኅብረት ሥራ ማኅበር ቀይ ቡና ሲያስረክብ የሚቆረጥለት ደረሰኝ ማስረጃ ነው፤ ማርና ኮረሪማ የገዛው ነጋዴም ምስክር ነው። ትክክለኛው መጠን በማስረጃ ካልተደረሰበት ዳኛ በርትዕ እንዲወስን ሕጉ በቁጥር 2102 ይፈቅዳል። ሟች ሲኖር ደግሞ ሚስት ወይም ባል፣ ወላጆችና ልጆች በየራሳቸው ስም የመጠየቅ መብት አላቸው፤ የሟች ወንድም የፈረመው የእነሱን መብት አይዘጋም።

ሽማግሌዎች፣ እርቁን አታቁሙ፤ ያቺን «ምንም ጥያቄ አላነሳም» የምትል መስመር ግን የሐኪሞች ቦርድ ውሳኔ እስኪመጣ ከወረቀታችሁ ላይ አውጧት። ተጎጂ ሆይ፣ አንተም ከመፈረምህ በፊት ከፊርማህ በላይ ያለውን መስመር ማንበብ በሚችል በራስህ ሰው አስነብብ።